ጀርባችንን ስናዞርለት ሐይቁ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ጽሑፍ ይመጣልኛል። ቴሌግራም ላይ አለ፣ ፌስቡክ ላይ አለ፣ የቤተሰብ ግሩፓችን ውስጥ ሳይቀር አክስቴ ልካዋለች። "የምንኖርበት ዓለም የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ነው፤ ሳይንስም አረጋግጦታል" ይላል። እንደ ጌም በኮምፒውተር የተሠራ ማስመሰያ ውስጥ ነን ማለቱ ነው። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። የሐዋሳ ልጅ መሆኑ ግን ያስታውቃል፤ ምሳሌዎቹ ከፍቅር ሐይቅና ከፕሌይስቴሽን ቤት አይወጡም። አጻጻፉ ይጥማል፤ ሰው የተቀባበለውም በከንቱ አይደለም። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሆኜ ነው የምመልስለት። "ሳይንስ አረጋግጦታል" የሚለው ስላልተዋጠልኝ።

መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ላስቀምጥ። ኒክ ቦስትሮም የሚባል ፈላስፋ ሲሙሌሽን ውስጥ የመሆናችን ዕድል እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል፤ ኢሎን መስክም በዋናው ዓለም ውስጥ የመሆናችን ዕድል ከቢሊዮኖች አንድ ነው ብሏል ይላል። የኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የእጅግ ጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ፣ ነገሮች የሚኖሩት ስናያቸው ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ ጌም ሥራ ለመቀነስ ካሜራው ያልደረሰበትን ቦታ እንደማይስለው ሁሉ፣ ጀርባህን ስታዞርለት ሐዋሳ ሐይቅም የለም ይላል። ቦታ እንደ ስክሪን ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) አለው፣ የብርሃን ፍጥነትም የፕሮሰሰሩ ገደብ ነው። አንድ ታዋቂ የፊዚክስ ሊቅ በተፈጥሮ ቀመሮች ውስጥ የኮምፒውተር ኮድ አግኝቷል። "ይሄን ነገር ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ" የሚለው ስሜት፣ ማለትም ደጃ ቩ፣ የሲስተሙ ስህተት ነው። መዝጊያው ደግሞ ምክር ነው፦ ሁሉም ጌም ስለሆነ አትጨናነቁ።

ከጠንካራው ልጀምር። ቦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ጽሑፍ ቀልድ አይደለም። ቁም ነገር ያለው፣ ፈላስፎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ሥራ ነው። ግን ጸሐፊያችን እንዳቀረበው አይደለም። ቦስትሮም ያለው ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ እውነት መሆን አለበት ነው። ወይ እንደ እኛ ያሉ ሥልጣኔዎች ያን ያህል ኃይለኛ ኮምፒውተር ሳይሠሩ ይጠፋሉ። ወይ እዚያ ደረጃ ቢደርሱም የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ሕይወት በኮምፒውተር የመድገም ፍላጎት አይኖራቸውም። ወይ ደግሞ እኛ ራሳችን፣ በርግጠኝነት ማለት ይቻላል፣ ሲሙሌሽን ውስጥ ነን። እውነቱ ሦስተኛው ነው አላለም። የትኛው እንደሆነ ስለማናውቅ ግምታችንን ለሦስቱም ብናካፍል ይሻላል ነው ያለው። የተጋራው ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጭራሽ አላነሳቸውም። ሦስት አማራጭ ካለው ክርክር ሁለቱን ጥለህ ሦስተኛውን "በሒሳብ የተረጋገጠ" ካልከው ክርክሩ የቦስትሮም አይደለም፤ ያንተ ነው።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ቦስትሮም ገና ሲነሳ አንድ ነገር "እንደዚህ ነው እንበል" ብሎ ይጀምራል፦ ስሜትና ንቃተ ሕሊና በሥጋና በነርቭ ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተር ላይም ሊፈጠር ይችላል ብሎ። ይህ ግምት ነው። ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ማንም አላሳየውም።

የመስክ ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ መድረክ ላይ ተጠይቆ ነው "ከቢሊዮኖች አንድ" ያለው። አባባሉ በትክክል ተጠቅሷል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊውን አልወቅሰውም። ግን ከቁጥሩ ጀርባ ስሌት የለም። መነሻው የጌም ዕድገት ነው፦ ያኔ በ1972 ፖንግ ነበር፣ ሁለት ዱላና አንድ ነጥብ። ዛሬ የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ከቀጠለ ከእውነተኛው የማይለይበት ቀን ይመጣል ነው ነገሩ።

እስቲ ፕሌይስቴሽን ቤት ግቡ። አጥቂው ከኋላ ተጠልፎ ይወድቃል፣ ጉልበቱን ይዞ ይንከባለላል፣ ፊቱ ይጨማደዳል። ድሮ ይሄ አልነበረም። ግን ዛሬም ጉልበቱን አያመውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሻሻለው ከውጭ ሆኖ ለሚያየው፣ ጆይስቲክ ለያዘው ልጅ ነው። ውስጥ ላለው ተጫዋች የተሻሻለ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ውስጥ ማንም የለም። ሥዕሉ ጠራ ማለት ሰው ተፈጠረ ማለት አይደለም። የሲሙሌሽኑ ክርክር ደግሞ የሚፈልገው የጠራ ሥዕል ሳይሆን ውስጥ ሆኖ የሚያመው ሰው ነው።

ለእኔ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ስለ ኮምፒውተር ዕድገት የሚያውቀው ከዚህ ዓለም ነው። የዚህ ዓለም ቺፕ፣ የዚህ ዓለም ኤሌክትሪክ፣ የዚህ ዓለም ጌም። ይህ ዓለም ሲሙሌሽን ከሆነ እነዚህ ሁሉ የጌሙ ዕቃዎች ናቸው። ውጭ ስላለው ኮምፒውተር ምንም አይነግሩንም። እዚያ ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ በምን እናውቃለን? ማስረጃውን አምነን ተነስተን መደምደሚያው ላይ ስንደርስ ማስረጃው ራሱ ይፈርስብናል። ቦስትሮም የሚያወራው የራሳቸውን ያለፈ ታሪክ ስለሚደግሙ ሰዎች ስለሆነ ከዚህ ወጥመድ በከፊል ያመልጣል፤ የእነሱ ዓለም የእኛን ይመስላልና። የእኛ ጸሐፊ ግን ስለ ሲሙሌሽኑ ሠሪዎች "ከእኛ ፈጽሞ የተለዩ ፍጡራን ይሆናሉ" ብሎ ስለጻፈ እሱ አያመልጥም።

ወደ ሐይቁ እንምጣ። ጽሑፉ ውስጥ ሰው ሁሉ ስክሪንሾት ያነሳው ይህን ክፍል ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሙከራው እውነት ነው። ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ሁለት ቀጫጭን ክፍተቶች ወዳሉት ግድግዳ ትልካለህ። ማዶ ባለው ስክሪን ላይ እየተጠራቀሙ መስመር መስመር የሆነ ንድፍ ይሠራሉ፤ የሞገድ ንድፍ ነው። በየትኛው ክፍተት እንዳለፉ የሚለይ መሣሪያ ስታስገባ ንድፉ ይጠፋል። ይገርማል። የሚገርመው ፊዚክስ የማያውቀውን ብቻ አይደለም። ልኬቱ በመጨረሻ አንድ ውጤት ብቻ የሚሰጠን ለምንድን ነው በሚለው ላይ የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም። ይህን ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ።

ግን ንድፉን የሚያጠፋው የሰው ዓይን ነው ማለት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቪየና ውስጥ የአንቶን ዛይሊንገር ቡድን ይህንኑ ሙከራ በኤሌክትሮን ሳይሆን 60 የካርቦን አቶም ባላቸው ሞለኪውሎች ሠራው። ንድፉ መጣ። በ2004 እዚያው ቪየና ተመራማሪዎች 70 የካርቦን አቶም ያላቸውን ወስደው ወደ ክፍተቶቹ ከመድረሳቸው በፊት በሌዘር አጋሏቸው። የጋለ ነገር ብርሃን ይተፋል። ሞለኪውሎቹ በጉዞ ላይ እያሉ ብርሃን ተፉ፤ ሙቀቱ በጨመረ መጠንም ንድፉ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ጠፋ። ያንን ብርሃን ማንም አላየውም። ማንም አልቆጠረውም። የላቦራቶሪው ሰው በሙሉ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣም ንድፉ መጥፋቱ አይቀርም ነበር። ሞለኪውሉ ያለበትን ቦታ የሚናገር ምልክት ወደ ውጭ መውጣቱ ብቻ በቂ ነው። ሰሚ አያስፈልገውም።

አሁን ይህን ይዘን ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንውረድ። ዓሣ አጥማጆቻችን መረባቸውን ወደ ማታ ይጥሉታል፤ ጠዋት ያነሱታል። ሌሊቱን ማንም ውሃው ውስጥ ሆኖ አላየም። ጠዋት መረቡ ሲወጣ ቆሮሶው ጭንቅላቱን አስገብቶ መተንፈሻው ላይ ተይዞ ይገኛል፤ አንዱ ገና ይንፈራገጣል፣ አንዱ ከሞተ ቆይቷል፤ ሥጋው ላይ ስትነካው ይታወቃል። አምባዛ ከተገኘ ደግሞ ልጆቹ ሆዱን ሲቀዱት ውስጡ ግማሹ የተፈጨ ትንሽ ዓሣ የሚወጣበት ጊዜ አለ። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ አጠገባቸው ቆሞ አንጀቱን እስኪጥሉለት ይጠብቃል። ያ ትንሽ ዓሣ በጨለማ፣ ጭቃማ ውሃ ሥር፣ ሰው በሌለበት ተበላ። አሳዳጅ ነበር፣ ተሳዳጅ ነበር፣ የተፈጨበት ሰዓት ነበር።

"ኮምፒውተሩ ሆዱ ሲቀደድ ያኔ ሠርቶ ያስገባዋል" ልትሉኝ ትችላላችሁ። ይሁን። ግን ያኔ ለመሥራት የዓሣውን ዕድሜ፣ የውሃውን ሙቀት፣ የጨጓራውን አሲድ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አስልቶ ከሌላው ሰው ካየው ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ አለበት። ማስላቱ አልቀረለትም፤ ሰዓቱ ነው የተዛወረው። "የማይታየውን ባለመሥራት ሥራ ይቀንሳል" የተባለው ጥቅም የት ሄደ?

ከሐይቁ የሚርቅ ምሳሌ ለሚፈልግ ይኸው። የካቲት 1987፣ እ.ኤ.አ.፣ ወደ 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለች አንዲት ኮከብ መፈንዳቷ ታወቀ። ብርሃኗን ቺሊ ያሉ ሰዎች ያዩት በ24ኛው ቀን ነው። ወሬው ሲሰማ ጃፓን ያሉ ተመራማሪዎች ወደ ቀድሞ መዝገባቸው ተመለሱ። ካሚዮካንዴ የሚባል፣ ከመሬት በታች የተቀበረ 3 ሺህ ቶን ውሃ ያለው መሣሪያ ነበራቸው። ቴፑን ሲፈትሹ በ23ኛው ቀን፣ ማንም ስለ ፍንዳታው ሳያውቅ፣ ከኮከብ ፍንዳታ የሚወጡ 11 ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ተመዝግበው አገኙ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የነበሩ ሌሎች መሣሪያዎችም በዚያው ሰዓት የራሳቸውን መዝግበው ነበር። ብርሃኑ ከመታየቱ በፊት፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጠብቅ። ዓለም የሚሠራው ስናየው ብቻ ከሆነ ያ ቴፕ ባዶ መሆን ነበረበት።

የሥራ ቁጠባን ካነሳን ደግሞ የኳንተም ፊዚክስ ለኮምፒውተር የመጨረሻው አባካኝ ነው። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁኔታ ብቻ ያላቸው 300 ቅንጣቶች ውሰዱ። አንድ ላይ ያሉበትን ሁኔታ በተራ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ለመጻፍ 2 በራሱ 300 ጊዜ ተባዝቶ የሚመጣውን ያህል ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ይህ በሚታየው ሕዋ ውስጥ አሉ ተብለው ከሚገመቱት አቶሞች ይበልጣል። ለ300 ቅንጣት! የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1981 ባደረገው ንግግር ተፈጥሮን ማስመሰል ከፈለጋችሁ በኳንተም የሚሠራ ማሽን ሥሩ ያለው ለዚህ ነው። "ውጭ ያሉት ኳንተም ኮምፒውተር ይኖራቸዋል" ማለት ይቻላል፤ አልከለክልም። ሥራ ለመቆጠብ ኳንተም ፊዚክስን መረጡ ማለት ግን አይቻልም። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲኖትራክ እንደመግዛት ነው።

በነገራችን ላይ በእኔ ወገን ያሉም ያጋንናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የፊዚክስ ሰዎች አንዳንድ የኳንተም ክስተቶችን በአንድ ዓይነት የስሌት ዘዴ ማስላት እጅግ ከባድ መሆኑን አሳዩ። ዜናው "ሲሙሌሽን ውስጥ አለመሆናችን ተረጋገጠ" ብሎ ወጣ። አልተረጋገጠም። ስለ አንድ የስሌት ዘዴ የሚናገር ጥሩ ሥራ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም።

ፒክስሉ። ጸሐፊው የፕላንክ ርዝመትን የሕዋ ፒክስል ይለዋል። 1.6 ሜትርን ከ1 በኋላ 35 ዜሮ ላለው ቁጥር ማካፈል ነው። ይህ ርዝመት ግን ተለክቶ የተገኘ ጠርዝ አይደለም። ማክስ ፕላንክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተፈጥሮን ቋሚ ቁጥሮች አቀናጅቶ ያወጣው መለኪያ ነው። ከዚያ በታች ያለን ነገር አሁን ያለው ቲዎሪያችን መግለጽ እንደሚያቅተው ይታሰባል። የእኛ ቲዎሪ ማነሱና ሕዋ በካሬ መቆራረጡ አንድ አይደለም። ሕዋ ቅንጣት ቅንጣት ከሆነ ሊታይ የሚገባው ምልክትም ተፈልጓል። በአንዳንድ እንዲህ ባሉ ቲዎሪዎች ከፍተኛ ኃይል ያለው ብርሃንና ዝቅተኛ ኃይል ያለው ብርሃን ትንሽ የተለያየ ፍጥነት ይኖራቸዋል። ግንቦት 2009፣ እ.ኤ.አ.፣ ፌርሚ የተባለው የናሳ ቴሌስኮፕ ከ7 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ፍንዳታ መዘገበ። ሁለቱም ዓይነት ብርሃን አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይራራቁ ደረሱ። ይህ ማንኛውንም ዓይነት ቅንጣትነት አያስቀርም። የጸሐፊውን "የታወቀ ነው" ግን ያስቀረዋል።

የብርሃን ፍጥነት የፕሮሰሰር ገደብ ነው የሚለውን ለመመለስ ፊዚክስም አያስፈልግም። ጌሙ ስታክ ሲያደርግ ማን ነው የሚናደደው? ሶፋው ላይ ያለው ልጅ። ሜዳው ላይ ያለው ተጫዋች አይናደድም፤ የእሱም ሰዓት አብሮ ቆሟላ። ፕሮሰሰሩ አንዷን ሰከንዳችንን ለመሥራት ሺህ ዓመት ቢፈጅ እኛ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው የሚሰማን። ስለዚህ ከውስጥ ሆነን የምንለካው ፍጥነት፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር፣ የውጭውን ማሽን ፍጥነት ሊነግረን አይችልም። ይህን እኮ ጌም የሚያውቅ ሰው ሊስተው አይገባም ነበር።

የኮዱ ታሪክ ደስ ስለሚል ሙሉውን ልንገራችሁ። ጄምስ ጌትስ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ አለ። ሱፐርሲሜትሪ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ የቅንጣት ዓይነት ገና ያልታየ ጓደኛ ቅንጣት አለው የሚለውን ቲዎሪ ቀመሮች በሥዕል የሚወክልበት መንገድ ከአንድ ባልደረባው ጋር አበጀ፤ ሥዕሎቹንም በጋና የአካን ሕዝብ ምልክቶች ስም "አዲንክራ" አሏቸው። አፍሪካዊ ስም ፊዚክስ ውስጥ ሲገባ ማየት ደስ ይላል። እነዚህን ሥዕሎች በዓይነት በዓይነት ሲለዩ ስህተት የሚያርሙ ኮዶች አወቃቀር ተገኘባቸው፤ ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 መልእክት ሲበላሽ ለማረም ያሳተመው ዓይነት። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ነው።

ያላነሳው ግን ሁለት ነገር አለ። ኮዱ የተገኘው በሱፐርሲሜትሪ ቀመሮች አመዳደብ ውስጥ ነው። ሱፐርሲሜትሪ ደግሞ እስካሁን በተፈጥሮ ውስጥ አልታየም፤ ጄኔቫ አጠገብ ያለው ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ማሽን እነዚያን ጓደኛ ቅንጣቶች ፈልጎ አላገኛቸውም። በዓለም ውስጥ መኖሩ ያልታወቀ ነገር ቀመር ውስጥ የተገኘ ኮድ ስለ ዓለም ምን ይመሰክራል? ሁለተኛ፣ ስህተት የሚያርም ኮድ ሒሳብ ነው። ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ሒሳብ ሌላ ቦታም ብቅ ቢል አያስደንቅም። ሰርከል ጎማ ላይም ጨረቃ ላይም አለ፤ ጨረቃን ጎሚስታ አልሠራትም።

ስለ ደጃ ቩ ብዙ አልልም። ስሜቱ በወጣትነት ይበዛል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል፤ የሲስተም ስህተት ቢሆን ሰርቨሩ ለምን ለወጣቶች ያዳላል? ከአንጎል የጎን ክፍል (ቴምፖራል ሎብ) የሚነሳ የሚጥል በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ከመጣላቸው በፊት ይሰማቸዋል። ሐኪሞችም የአንጎልን አንዳንድ ቦታ በደካማ ኤሌክትሪክ ነክተው ስሜቱን ቀስቅሰውታል። ስህተት ከሆነም የማስታወሻችን ስህተት ነው። "ሳስበው ደወለልኝ" የሚለውም ያው ነው፤ አስባችሁት ያልደወለውን ማን ይቆጥራል?

ምክሩ ቀረ። ማትሪክም፣ ሥራ ማጣትም፣ ፍቅረኛ መለየትም የጌሙ ሌቭል ስለሆኑ አትጨናነቁ ይላል። ቅን ልብ እንዳለው ይገባኛል፤ የተጨነቀ ሰው ለማጽናናት ነው። ግን ከራሱ ክርክር አይመጣም። ቦስትሮም ራሱ በዚያው ጽሑፉ ሲሙሌሽን ውስጥ ብንሆን እንኳ እብድ ሊያደርገን ወይም ከዕለት ሥራችን ሊያስቀረን አይገባም ብሏል። ዴቪድ ቻልመርስ የሚባለው ፈላስፋ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ሲሙሌሽን ውስጥ ያለ ነገርም እውነተኛ ነው ባይ ነው። ዓለማችን በኮምፒውተር ላይ ብትሆን ጠረጴዛ የለም ማለት ሳይሆን ጠረጴዛ የተሠራው ከሌላ ነገር ነው ማለት ነው። የጥርስ ሕመም በሥጋ ቢሠራም በኮድ ቢሠራም ሌሊቱን አያስተኛም። ጸሐፊው ራሱም ቢሆን መጨረሻ ላይ "ለምትወዷቸው ሼር አድርጉ" ብሏል። የምንወዳቸው ሰዎች ለሼር ጊዜ እውነተኛ ሆነው ለጭንቀት ጊዜ ጌም ሊሆኑ አይችሉም።

አንድ ነገር ሳልክድ ልጨምር። ሲሙሌሽን ውስጥ አለመሆናችንን ላረጋግጥ አልችልም። ማንም አይችልም። ኮከቡን ሳነሳ "ያንንም አስመስለውት ነው"፣ ዓሣውን ሳነሳ "እሱንም አስመስለውት ነው" ማለት ሁልጊዜ ይቻላል። ችግሩም እዚያው ነው። ንድፉ ቢጠፋም ማስረጃ፣ ባይጠፋም ማስረጃ፤ ፒክስል ቢገኝም ማስረጃ፣ ባይገኝም "ደብቀውት ነው"። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከዚህ የወጡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይለስ ቢን፣ ዞህሬ ዳቮዲና ማርቲን ሳቬጅ የተባሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ሕዋ በካሬ መረብ ላይ የተሠራ ሲሙሌሽን ከሆነ ከሰማይ የሚመጡት ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ጨረሮች ከሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደማይታዩ አሰሉ፤ የመረቡ አቅጣጫ ያዳላል። ይህ ባይታይ ያ ዓይነቱ መረብ፣ ቢያንስ በዚያ መጠን፣ የለም ማለት ነው። ሐሳቡን ከጸሐፊያችን ባላነሰ ወድደውታል። ግን ሊወድቅ የሚችልበትን ቦታ ራሳቸው አመልክተዋል። ወንድሜ፣ አንተስ? ምን ቢታይ ነው "ተሳስቻለሁ" የምትለው? እሱን ጻፍልን፤ ሼር የማደርገው እኔ ነኝ።